ፉላንጋ፣ ፓልመርስተን፣ ፒትኬርን ወይስ ትሪስታን ዳ ኩኛ? በሸራ ጀልባ ለሚጓዙ የደሴት ምርጫ

አራቱም ደሴቶች የአውሮፕላን ማረፊያ የላቸውም። ፉላንጋ በፊጂ፣ በላው ደሴቶች ደቡባዊ ክፍል ትገኛለች። ፓልመርስተን የኩክ ደሴቶች አካል ናት። ፒትኬርን በደቡብ ፓስፊክ፣ ትሪስታን ዳ ኩኛ ደግሞ በደቡብ አትላንቲክ መሐል የሚገኙ የብሪታንያ ግዛቶች ናቸው። አልፎ አልፎ በሚመጣ መርከብ ካልሆነ የሚደረስባቸው በራስ ጀልባ ብቻ ነው።

ብዙ ተጓዥ ደሴት የሚመርጠው በፎቶና በታሪክ ነው። እኛ ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት «ጀልባዋ የት ትቆማለች? ሰው ሳይኖርባትስ ስንት ሰዓት ትቆያለች?» የሚለው ነው እንላለን። ከነዋሪው ጋር የምታሳልፉትን ጊዜ የሚወስነው መልሕቁ የያዘበት መሬት ነው። ዓይኑ ከጀልባው የማይነቀል እንግዳ የቀረበለትን ምግብ እንኳ በቅጡ አይበላም። ስለዚህ ንጽጽሩን የምንጀምረው ከመቆሚያው ነው፤ ሥርዓቱ፣ ፈቃዱና ስጦታው ከዚያ ይከተላሉ።

ፉላንጋ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር

ከአራቱ ተረጋግቶ መቆየት የሚቻለው እዚህ ብቻ ነው። ደሴቷ በኖራ ድንጋይ ቀለበት የተከበበ ሰፊ ላጉን፣ ማለትም ከክፍት ባሕር የተከለለ ውኃ፣ አላት። በውስጡ ግርጌያቸውን ውኃ የበላው፣ እንጉዳይ የሚመስሉ ትናንሽ ደሴቶች ተበትነዋል። ወለሉ በብዙ ቦታ አሸዋ ስለሆነ መልሕቅ በደንብ ይይዛል። ንፋስ አቅጣጫ ቢቀይር ከላጉኑ ሳይወጡ ወደ ሌላ ጥግ መሄድ ይቻላል። አንድ ሳምንት መቀመጥ፣ በመንደሩ ሰርግ ወይም በእሑድ ጸሎት ላይ መገኘት፣ ጀልባዋንም ሰው ሳይኖርባት ትቶ መዋል የሚያስችለው ይህ ነው።

አስቸጋሪው መግባቱ ነው። መግቢያው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለ ጠባብ ክፍተት ሲሆን የላጉኑ ውኃ በአብዛኛው በእርሱ በኩል ይወጣል፣ ይገባል። ወደ ውጭ የሚፈስሰው ውኃ ከደቡብ ምሥራቅ ንፋስ ከሚያመጣው ማዕበል ጋር ሲጋጭ አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ይነሳል፤ ትንሽ ሞተር ያላት ጀልባ እዚያ ላይ መሪዋን ልታጣ ትችላለች። የሚገባው ውኃው ጸጥ ባለ ጊዜ ነው። ነገር ግን የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥን ብቻ አትመኑ፤ ከባድ ማዕበል ሪፉን፣ ማለትም ከውኃው ወለል አጠገብ ያለውን የኮራል አጥር፣ ተሻግሮ ላጉኑን ስለሚሞላው ውኃው ከሰንጠረዡ ሰዓት በኋላም ወደ ውጭ መፍሰሱን ሊቀጥል ይችላል። ከውጭ ቆማችሁ ክፍተቱን በዓይን እዩ፤ ነጭ አረፋ ካለ ጠብቁ። ፀሐይ ከፍ ብላ ከኋላችሁ ስትሆን ግቡ፤ አንድ ሰው ፊት ላይ ቆሞ የውኃውን ቀለም ይንገር። ቡናማ ከሆነ ኮራል ቅርብ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ጥልቅ ነው። በላው ደሴቶች የኤሌክትሮኒክ ካርታ ከእውነተኛው ቦታ ፈቀቅ ሊል ስለሚችል የሳተላይት ምስል አስቀድማችሁ አውርዳችሁ ከካርታው ጋር አስተያዩ።

ሌላው የጉዞው አቅጣጫ ነው። ወደ ፊጂ የሚገባ ጀልባ መጀመሪያ በይፋዊ የመግቢያ ወደብ ማለፍ አለበት፤ ለላው የሚመቸው ሳቩሳቩ ነው። ከዚያ ፉላንጋ 185 የባሕር ማይል ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትርቃለች፤ ይህም ቋሚው ንፋስ ከሚመጣበት በኩል ነው። ንፋስ ፊት ለፊት እየገጠሙ ከመንገላታት በሳቩሳቩ ጠብቆ ንፋሱ ወደ ሰሜን የሚዞርባቸውን ሁለት ቀናት መጠቀም ይሻላል። ከቶንጋ የሚመጡ ጀልባዎች ላውን አቋርጠው ስለሚያልፉ «ዛሬ እዚሁ እንደር፣ ወረቀቱን በኋላ እንጨርሳለን» የሚል ፈተና ይገጥማቸዋል። አታድርጉት፤ ሕግ መጣስ ነው፣ መንደሩንም ችግር ውስጥ ይከታል። በሳቩሳቩ ሳላችሁ ወደ ውጭ ደሴቶች ለመሄድ የሚያስፈልገውን የጉዞ ፈቃድ አውጡ፤ የመንደሩ ሹም ሊያየው ይችላል።

ከዚያ ሴቩሴቩ አለ። መሬቱ ብቻ ሳይሆን ላጉኑም፣ ዓሣውም የመንደሩ ነው፤ እንግዳ ፈቃድ የሚጠይቀው ያንጎና የሚባለውን፣ ተወቅጦ በውኃ የሚጠጣውን የካቫ ተክል ሥር ለአለቃው በማቅረብ ነው። በገበያ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚሆን የደረቀ ሥር ታስሮ ይሸጣል። ዱቄት አይሁን፤ ሥሩ ሳይወቀጥ፣ እንደታሰረ ይቅረብ። ብዙ መንደር ለማየት ካሰባችሁ ለእያንዳንዱ አንድ እስር፣ ላልታሰበ ነገርም ሁለት ትርፍ ያዙ፤ ውጭ ደሴት ላይ መግዛት ላይቻል ይችላል። መልሕቅ እንደጣላችሁ መጀመሪያ የሚደረገው ይህ ነው። ከዚያ በፊት መዋኘት፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ባሕር ዳር መንሸራሸር የለም።

ወደ መንደሩ ስትገቡ ወንድም ሴትም ጉልበቱን ይሸፍን፤ ሱሉ የሚባለው ሽርጥ ለሁለቱም ይሆናል። ትከሻ ይሸፈን፣ ኮፍያና የፀሐይ መነጽር ይውለቅ፣ ቦርሳ ከጀርባ ወርዶ በእጅ ይያዝ። መጀመሪያ የምታገኙትን ሰው ቱራንጋ ኒ ኮሮ፣ ማለትም የመንደሩ ሹም፣ ጋ እንዲያደርሳችሁ ጠይቁ። ምንጣፍ ላይ እግራችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ፤ ያንጎናውን በአለቃው እጅ ሳይሆን ፊቱ አኑሩት። ጽዋ ሲሰጣችሁ አንዴ አጨብጭቡ፣ በአንድ ትንፋሽ ጠጡ፣ ሦስቴ አጨብጭቡ። ፉላንጋ በእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ትታወቃለች፤ የካቫ ገበታ መግዛት ከፈለጋችሁ ገንዘቡን በፊጂ ዶላር፣ በጥሬው፣ በትናንሽ ኖት ያዙ።

ፓልመርስተን፦ የአስተናጋጅ ቤተሰብ ደሴት

የመስተንግዶን ነገር ብቻ ብናወዳድር ፓልመርስተንን የሚያህል የለም። ደሴቷን የሚያስተዳድሩት በ1863 እዚያ የሰፈረው እንግሊዛዊው ዊልያም ማርስተርስና ከፔንሪን የመጡ ሚስቶቹ ዘሮች ናቸው፤ መሬቱም ሕይወቱም በሦስት የቤተሰብ ቅርንጫፎች ተከፍሏል። ነዋሪው ጥቂት ደርዘን ነው፤ ቋንቋቸውም እንግሊዝኛ ነው። ጀልባ ሲቃረብ በቪኤችኤፍ ሬዲዮ ቻናል 16 ስትጣሩ አንድ ቤተሰብ ይቀበላችኋል፤ እስክትሄዱ ድረስም አስተናጋጃችሁ እርሱ ነው። ጠዋት በአሉሚኒየም ጀልባ መጥቶ ይወስዳችኋል፣ ምሳ ያበላችኋል፣ ማታ ይመልሳችኋል። ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው መዞር ወይም የተሻለውን መምረጥ ነውር ነው። ሌላ ቤተሰብ ቢጋብዛችሁ እንኳ አስተናጋጃችሁን አስፈቅዱ።

መቆሚያው ግን ከፉላንጋ ጋር አይወዳደርም። የሪፉ መተላለፊያዎች ለባለ ሸራ ጀልባ ጥልቀት የላቸውም፤ ስለዚህ ጀልባዋ ከላጉኑ ውጭ፣ በምዕራብ በኩል ትቆማለች። እዚያ ወለሉ እንደ ደረጃ ነው፤ ጠባብ የኮራል እርከን አለ፣ ከዚያ በኋላ ገደል። ነዋሪዎቹ ቡይ፣ ማለትም ከወለሉ ጋር የታሰረ ተንሳፋፊ ማሰሪያ፣ ስለተከሉ ቦታ ካለ በእርሱ ታሰሩ፣ ክፍያውንም ያለ ክርክር ክፈሉ። በእርሱ ከመተማመናችሁ በፊት ግን ጠልቃችሁ ገመዱን፣ ማያያዣውንና ከወለሉ ጋር የተያዘበትን ቦታ ተመልከቱ፤ የራሳችሁን ሁለተኛ ገመድ ጨምሩበት። በራሳችሁ መልሕቅ ከሆነ ሰንሰለቱ ኮራል ላይ እንዳይጠላለፍ በየጥቂት ሜትሩ ተንሳፋፊ እሰሩለት።

በደቡብ ምሥራቅ ንፋስ ሪፉ ይከልላችኋል፤ ንፋሱም ከሪፉ ያርቃችኋል። ንፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወይም ወደ ምዕራብ ሲዞር ሁሉ ነገር ይገለበጣል፤ ጀልባዋ ከኮራሉ በጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ፣ ፊቷን ወደ ባሕር አድርጋ ትወዛወዛለች። በዚህ ቦታ ሪፉ ላይ ወጥተው የቀሩ ጀልባዎች አሉ። ጠዋትና ማታ ትንበያ ተመልከቱ። ነጎድጓድ የያዘ ደመና በምዕራብ ከታየ ምሳው ተቋርጦም ቢሆን ተመለሱ፤ አስተናጋጆቹ ከእናንተ በላይ ያውቁታልና አይቀየሙም። ሌሊት የሚመጣ ለውጥ ከሆነ ቡዩን ቀድማችሁ ልቀቁና በክፍት ባሕር እደሩ።

ፓልመርስተን ከአይቱታኪ 200 የባሕር ማይል ገደማ፣ ከቦራ ቦራ 660 ገደማ ትርቃለች፤ ወደ ኒዌ ለሚቀጥል ሰው 390 ያህል ይቀራል። ስለዚህ ከፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ወደ ምዕራብ በሚጓዝ ሰው መንገድ ላይ ናት፤ ከአራቱ ትንሽ ዙሪያ መንገድ የሚጠይቀው ይህኛው ነው። የመግቢያ ወረቀቱን እዚያው መጨረስ ይቻል እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ለኩክ ደሴቶች ጉምሩክ ጻፉ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ለፓልመርስተንም ለፉላንጋም አይሆንም። እሑድ ቀን የጸሎት ነው፤ ሥራ የለም፣ ጀልባ ለመቀበል መውጣትም ሥራ ነው። ቅዳሜ ማታ የሚያደርስ ፍጥነት ካላችሁ ሸራ ቀንሳችሁ ሰኞ ጠዋት ድረሱ።

ፒትኬርን፦ ሦስት ሰው ላላት ጀልባ

የፒትኬርን ታሪክ የብዙ ሰው ሕልም ነው። ባውንቲ በተባለች የእንግሊዝ መርከብ ላይ ያመፁ መርከበኞችና አብረዋቸው የመጡት የታሂቲ ሰዎች በ1790 ሰፈሩባት፤ ዛሬ ከ50 የማይበልጡ ሰዎች በአዳምስታውን ይኖራሉ። ደሴቷ 4.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ላጉን የላትም፣ ከለላ ሪፍ የላትም፣ ወደብ ሊባል የሚችል ነገርም የላትም፤ ገደሉ ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ይገባል።

ባውንቲ ቤይ የሚባለው ቦታ ስሙ የሚያስተማምን ይመስላል እንጂ ክፍት ባሕር ማለት ነው። ጀልባዎች ንፋሱን እያዩ ከደሴቷ አንዱ ወገን ወደ ሌላው ይዞራሉ። ፒትኬርን በ25 ዲግሪ ደቡብ ላይ ስለሆነች ቋሚው ንፋስ እዚያ ይደክማል፤ በስተደቡብ ዝቅተኛ ግፊት ባለፈ ቁጥር ንፋሱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዙሪያውን ይዞራል። ንፋስ ባይኖር እንኳ ከሩቅ ደቡብ የሚመጣው ረጅም ሞገድ ደሴቷን በሁለቱም ጎን ይዞራትና ጀልባዋን ከጎን ወደ ጎን ይንጣታል። በ15 ሜትር ጥልቀት ከ75 ሜትር ያላነሰ ሰንሰለት ያስፈልጋል። ወለሉ አሸዋና አለት የተቀላቀለበት ስለሆነ ሰንሰለቱ ከድንጋይ ሥር ገብቶ ሊታነቅ ይችላል፤ ከመልሕቁ ራስ ላይ ቀጭን ገመድና ተንሳፋፊ አስራችሁ ጣሉ፤ ከተያዘ በተቃራኒ አቅጣጫ የምታወጡት በእርሱ ነው።

ከዚህ የተነሳ ምክራችን ግልጽ ነው፤ ሁልጊዜ ጀልባዋን ብቻውን ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው ከላይ ይቆይ። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ በየተራ ነው የምትወጡት፤ አብራችሁ ለማየት ከሆነ የመጣችሁት ቅር ይላችኋል። ሦስት ወይም አራት ሰው ያላት ጀልባ ግን በደንብ ትጠቀማለች። ደሴተኞቹ ሎንግቦት በሚባለው ረጅም ጀልባቸው መጥተው ሊወስዷችሁ ይችላሉ። በራሳችሁ የጎማ ጀልባ ከሆነ በቻናል 16 ጠርታችሁ «አሁን ግቡ» እስኪሏችሁ ጠብቁ። ማዕበሉ በስብስብ ነው የሚመጣው፤ ትልልቆቹ ካለፉ በኋላ ያለውን ፋታ ከመሬት ሆኖ የሚያይ ሰው ከእናንተ ይልቅ ያውቀዋል። ሰነድ፣ ስልክና ካሜራ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይሁን፤ የሞተሩ ማጥፊያ ገመድ ከሾፌሩ እጅ ይታሰር።

ከ14 ቀን ላነሰ ቆይታ ፈቃዱ እንደደረሳችሁ ይሰጣል፤ ከዚያ ለሚበልጥ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ከልጆች ጋር የምትጓዙ ከሆነ ደግሞ ሳትነሱ ከአስተዳደሩ ጋር ተጻጻፉ። ገንዘቡ የኒውዚላንድ ዶላር ነው። የፒትኬርን ንቦች ከበሽታ ነጻ ስለሆኑ ማርና ሰም ያለው ነገር ከጀልባ አይውረድ፤ የደሴቲቱን ማር ግን መግዛት ትችላላችሁ፣ ይገባዋልም። የደሴቷ ቤተ ክርስቲያን የሰንበት አድቬንቲስት ስለሆነች የጸሎት ቀናቸው ቅዳሜ ነው።

መውጫ መንገዳችሁ ዝግጁ ይሁን። ከለላ ያለው ቅርብ ቦታ በጋምቢየ ደሴቶች ያለው ሪኪቴያ ነው፤ 290 የባሕር ማይል ገደማ ወደ ሰሜን ምዕራብ። ውኃና ነዳጅ ለዚህ የሚበቃ ሳይኖር ፒትኬርን ላይ መልሕቅ አትጣሉ።

ትሪስታን ዳ ኩኛ፦ ላይወርዱ ለሚችሉ

ትሪስታን ከኬፕ ታውን 2,800 ኪሎ ሜትር፣ ከቅድስት ሄለና 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከ250 ያነሱ ሰዎች ኤድንበራ ኦፍ ዘ ሰቨን ሲስ በምትባል አንዲት መንደር ይኖራሉ። በ1961 እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ሁሉም ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ፤ በ1963 አብዛኞቹ በምርጫቸው ተመለሱ። ይህን የመሰለ ማኅበረሰብ ማየት የሚጓጓለት ነገር ነው፤ ግን መውረድ አለመውረዳችሁን የሚወስነው ባሕሩ ነው።

ካልሾት የሚባለው ወደብ ለትናንሽ ጀልባዎች የተሠራ ነው፤ ባለ ሸራ ጀልባ ከውጭ፣ ከመንደሩ ፊት ለፊት መልሕቅ ጥላ ትቆማለች። ኬልፕ የሚባለው ረጅም የባሕር አረም የሚታይበት ቦታ ሥር አለት አለ፤ ከመካከሉ ከገባችሁ የሞተሩን ማራገቢያ ይጠመጥማል፣ መልሕቁም አረሙን ይዞ መሬት ሳይነካ ይንሸራተታል። ቦታው ለሰሜን ምዕራብ ንፋስ ክፍት ነው፤ በዚያ ኬክሮስ ደግሞ ንፋስ ከሰሜን ምዕራብ ሳይነሳ ብዙ ቀን አይቆይም። ወደቡ በማዕበል የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው የደቡቡ በጋ የተሻለ ዕድል ይሰጣል።

ያለ ፈቃድ መውረድ አይቻልም። አስተዳዳሪውና የደሴቲቱ ምክር ቤት የሚያዩት ማመልከቻ ከወራት በፊት ይላክ፤ የጀልባዋ ስም፣ የሰዎቹ ዝርዝርና የሚደርሱበት ግምታዊ ቀን ይግባበት። ናይቲንጌል ወደምትባለው ጎረቤት ደሴት ያለ ደሴተኛ መሪ መሄድ አይታሰብ። ናይቲንጌል አይጥ የሌለባት የባሕር ወፎች መራቢያ ናት፤ በመጋቢት 2011 ኦሊቫ የተባለች የጭነት መርከብ እዚያ ስትሰበር የፈሰሰው ነዳጅ ብዙ ፔንግዊኖችን በክሏል። አንዲት አይጥ ከጀልባ ብትወርድ ጉዳቱ ከነዳጁም ሊብስ ይችላል።

ንፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ስለሆነ ትሪስታን ከደቡብ አሜሪካ ወደ ኬፕ ታውን ለሚሻገር ሰው ተስማሚ ናት፤ ከኬፕ ታውን ተነስቶ በቀጥታ ወደ እርሷ መሄድ ግን ንፋስን ፊት ለፊት መግጠም ነው።

ምን ይያዝ፣ ምን ይቅር

ለአራቱም ስንቅ የሚያመጣው መርከብ በወራት አንዴ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በኢሜይል «ምን ይጎድላችኋል? ለማን እናድርስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ እናንተ ከገመታችሁት የተለየ ነው፤ ለአንድ ሰው የተላከ ጥቅል፣ የሞተር ሻማ፣ የፓምፕ ጎማ። መልስ ካላገኛችሁ ለፉላንጋና ለፓልመርስተን የማንበቢያ መነጽር፣ የዓሣ መንጠቆና ክር፣ ወፍራም ገመድ፣ ዱቄትና ሩዝ አያሳፍርም። ስጦታውን ባሕር ዳር ላይ ለልጆች አትበትኑ፤ ለአስተናጋጁ ወይም ለመንደሩ ሹም ስጡና እርሱ ያከፋፍለው። መጠጥ፣ ዘር፣ ተክልና ትኩስ ፍራፍሬ ይቅር።

የጤናው ነገር ከስጦታው ይበልጣል። በትሪስታን የጉንፋን ወረርሽኝ መርከብ ከመጣ በኋላ እንደሚነሳ ከብዙ ዓመታት በፊት በሐኪሞች ተጠንቷል፤ ከውጭ ተነጥሎ የሚኖር ሕዝብ ለአዲስ ቫይረስ መከላከያው ደካማ ነው። ከእናንተ አንዱ ካሳለ ወይም ትኩሳት ካለው በሬዲዮ ተናገሩ፤ አትውረዱም። በተቃራኒው እናንተ ብትታመሙ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መድረስ ቀናት የሚፈጅ መሆኑን አስባችሁ አንቲባዮቲክ፣ የቁስል መስፊያና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ከሐኪም ጋር ተማክራችሁ ያዙ።

እንግዲህ የትኛው?

ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁና ጊዜ ካላችሁ ፉላንጋ፤ ሁለት ሳምንት መድቡላት። ፓስፊክን እያቋረጣችሁ ከሆነና ትንበያ ማንበብ የምትችሉ ከሆነ ፓልመርስተን፤ ሦስት የተረጋጋ ቀን ከተገኘ ይበቃል። በፓልመርስተን የምንፈራው ሰው «አንድ ቀን ብቻ እንጨምር» የሚለውን ነው። ፒትኬርንን ከሦስት ሰው በታች ይዛችሁ አታስቡት፤ የአራት ቀን ምግብ ጨምራችሁ ንፋስ እስኪስተካከል ከባሕር ለመጠበቅም ተዘጋጁ። ትሪስታንን የጉዞው ዓላማ አታድርጓት። መንገዳችሁ በአጠገቧ ካለፈ ፈቃዱን አውጡና በቻናል 16 ጥሩ፤ ወደቡ ከተዘጋ አንድ ሌሊት ደሴቷ ከንፋስ በምትከልልበት በኩል ሸራ ቀንሳችሁ ጠብቁ። በማግሥቱም ካልተከፈተ ለሰዎቹ ያመጣችሁትን ፖስታ ከኬፕ ታውን በሚነሳው መርከብ እንደምትልኩላቸው በሬዲዮ ንገሯቸውና ወደ ምሥራቅ ቀጥሉ።